ስሙ ያው፣ ፒንሳው ሌላ፦ ከታይዋን የገዛኋቸው መሳሪያዎች ከስድስት ወር በኋላ

መጀመሪያ ድሬን ለማያውቅ ሰው፣ ታይዋን ስል ሀገሩን ሳይሆን የኛን ታይዋን ነው፣ ድሬዳዋ ያለውን ገበያ፣ ስልኩም ጫማውም ብርድ ልብሱም ሚገዛበትን። እኔ ስራዬ የውሃ ፓምፕና ጀነሬተር ጥገና ነው፣ ሳቢያን በኩል ትንሽ ጋራዥ አለችኝ፣ ሁለት ልጆች አብረውኝ ይሰራሉ። ጥር ላይ የመሳሪያ ሳጥኔን ግማሹን ቀየርኩ፣ አሁን ሐምሌ ነው፣ ስድስት ወር ሙሉ በየቀኑ ሰርተንባቸዋል፣ በዚ ሙቀት፣ በአሸዋው፣ በናፍታው ውስጥ። ስለዚ የገዛሁትን እንዳየሁት ልጽፍ ነው። ግን የመሳሪያዎቹን ብቻ ብነግራችሁ ብዙም አይጠቅማችሁም፣ ምክንያቱም ያናደደኝም ያስተማረኝም ነገር ሳጥኑ ላይ ያለው ስም ያው ሆኖ ውስጡ ያለው ብረት የሌላ ፋብሪካ ሆኖ ማግኘቴ ነው፣ ይሄንን ሳታውቁ ብር እንዳታወጡ ብዬ ነው።

ስራውን ያስተማረኝ ሰው የምድር ባቡር ሰራተኛ የነበረ ነው፣ ጡረታ ወጥቷል፣ ዕድሜው አባቴ ይሆናል ግን ድሬ ላይ አንቱታ ስለሌለ አንተ ነው ምለው። ይሄ ከተማ መቼም ከባቡሩ ጋር ነው የተወለደው፣ ሃዲዱ እዚ ሲደርስ እ.ኤ.አ. በ1902፣ ከወርክሾፑም ብዙ መካኒክ ወጥቶበታል። ይሄ ሰው እስከዛሬ ሚይዛት አንድ ቁልፍ አለችው፣ ፋኮም፣ የፈረንሳይ፣ ጥርሷ ምንም አልሆነም፣ ላዩዋ ግን ከእጅ ብዛት አልቆ እንደ ብርጭቆ ለስልሷል። እኔን ስራ ሲያስጀምረኝ ፋኮም ግዛ አላለኝም፣ ገንዘቡም አልነበረኝም፣ እሱ ሌላ መካከለኛ ዋጋ ያለው ብራንድ ነው ያሳየኝ፣ "ይሄ አይከዳህም" ብሎኝ። እውነቱን ነበር፣ ዘጠኝ ዓመት አልከዳኝም። የብራንዱን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም ችግሩ የሱ ብቻ አይደለም፣ ወደዛ እመጣለሁ።

ጥር ላይ 19 ቁጥር ቡሶላዬ፣ ማለት እጀታ ላይ ተሰክቶ ቡሎን ሚፈታው ክብ ብረት፣ ጠፋ፣ የሆነ ገጠር ረስቼው መሰለኝ፣ ሄጄ ያንኑ ብራንድ አዲስ ሙሉ ስብስብ ገዛሁ። በሳምንቱ ሁርሶ አካባቢ አንድ እርሻ ላይ የፓምፕ ሞተር እግሩ ላይ ያለውን ቡሎን ስፈታ፣ ቱቦ አልጨመርኩም፣ አልዘለልኩበትም፣ በእጄ ብቻ ነው፣ ቡሶላው ጧ ብሎ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፣ እጄ ሄዶ ከሞተሩ ብረት ጋር ተጋጨ፣ ሁለት ጣቴ ላይ አጥንት እስኪታይ ቆዳዬ ተነሳ። ደሙን ጠርጌ በጨርቅ አስሬ ስራውን በልጁ አስጨረስኩ፣ ግን ስመለስ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ህመሙ ብቻ አይደለም፣ ዘጠኝ ዓመት ያመንኩት ስም እንዴት እንዲ ሆነ ብዬ ነው።

ጠዋት የድሮውን 17 ቁጥርና አዲሱን ሙሉውን ስብስብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አየሁ። የድሮው ላይ ጽሁፉ ብረቱ ውስጥ ገብቶ ነው የተመታው፣ አዲሱ ላይ በስሱ የተጫረ ነው። የድሮው ግድግዳው ዙሪያውን እኩል ነው፣ አዲሱ ባንድ በኩል ይሳሳል፣ ጉድጓዱ መሃል ላይ አይደለም ማለት ነው። ኒኬሉ ደሞ አዲሱ ላይ ይበልጥ ያብረቀርቃል፣ ይሄ ነው ሚያታልለው። ጎረቤት አትክልት ምትሸጥ እህት አለች፣ የሷ ዲጂታል ሚዛን ላይ ከሁለቱም 17 ቁጥሮቹን አስቀመጥኳቸው፣ አዲሱ ይቀላል፣ በጣት ሚቆጠር ግራም ነው ግን እንዲ ዓይነት እቃ ላይ ያቺ ግራም ብረት ነች፣ ጣቴ ነች። ከዛ ሳጥኑን ገልብጬ አየሁ፣ የሀገሩ ስም ተቀይሯል። የድሮው ላይ ሙሉ የሀገር ስም ነበር፣ አዲሱ ላይ በትንሽ ፊደል ፒ አር ሲ ይላል። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ፒ አር ሲ ማለት የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ማለት ነው፣ ቻይና ብሎ ከመጻፍ ምህጻሩን ይጽፉታል። ከላይ በትልቁ ደሞ "የጀርመን ቴክኖሎጂ" ይላል፣ ይሄ ደሞ የት እንደተሰራ ምንም አይነግርህም።

እዚጋ አንድ ነገር ልበል፣ ቻይና ስለሆነ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ እንደዛ ሚል ሰው ካለ አይሰማ። ቻይና ውስጥ የሰማይና የምድር ያህል ሚለያዩ ፋብሪካዎች አሉ። ያው ፋብሪካ ራሱ ለአንዱ ደንበኛ ጥሩ ብረት፣ ለሌላው ርካሽ ብረት ይሰራል፣ ሚወስነው ያዘዘው ሰው ሚከፍለው ነው። ጉዳዩ ብዙ ብራንድ የራሱ ፋብሪካ የሌለው መሆኑ ነው። ስሙ አለው፣ ከለሩ አለው፣ ሳጥኑ አለው፣ እቃውን ግን ሌላ ይሰራለታል፣ ውሉ ሲያልቅ ወይ ዋጋ ሲጨምርበት ወደ ሌላ ፋብሪካ ይዞራል። ሳጥኑ አይቀየርም። ቁጥሩ አይቀየርም። ምንም አይነግሩህም። አንተ ግን ምትገዛው ያስተማረህ ሰው በነገረህ ስም ነው፣ ያ ምክር ደሞ ለድሮው ፋብሪካ የተሰጠ ነው።

ይሄ ትልልቆቹም ላይ የሆነ ነው። አሜሪካኖቹ ክራፍትስማን ሚባል መሳሪያ አላቸው፣ ከ1927 ጀምሮ (እዚጋ ምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲርስ ሚባል ትልቅ ሱቅ ሲሸጠው የኖረ፣ ሲርስ ራሱ አልሰራውም፣ ሌሎች ፋብሪካዎች ናቸው ሚሰሩለት፣ ግን ከተሰበረ ያለ ምንም ጥያቄ ይቀየርልሃል ስለሚል ሰው ሁሉ ያምነው ነበር። በኋላ ስራው ወደ ቻይና ሄደ፣ የአባቱን የአሜሪካ ቁልፍ ሰብሮ ለመቀየር የሄደ ሰው የቻይና ቁልፍ ተሰጥቶት ተመለሰ። 2017 ላይ ስሙን ስታንሊ ብላክ ኤንድ ዴከር ሚባል ትልቅ የአሜሪካ መሳሪያ ኩባንያ ገዛው፣ ቴክሳስ ውስጥ ፎርት ዎርዝ ላይ ፋብሪካ ሰርተን ወደ ሀገር ቤት እንመልሰዋለን አሉ፣ 2023 ላይ ያው ፋብሪካ ሊዘጋ ነው ተባለ። ነክሶ ሚቆለፈው ፒንሳ፣ ቫይስ ግሪፕ ምንለው ደሞ፣ ኔብራስካ ዲዊት ሚባል ትንሽ ከተማ ውስጥ አንድ ከዴንማርክ የመጣ አንጥረኛ የፈጠረው ነው፣ 1924 ላይ ፓተንት ያወጣበት፣ ከተማው በሱ ነው ሚኖረው ማለት ይቻላል፣ 2008 ላይ ፋብሪካው ተዘግቶ ስራው ቻይና ሄደ፣ ስሙ ግን ዛሬም ያው ነው። የኔ መምህር ሚወዳት ፋኮም ራሷ፣ 1918 ፓሪስ ላይ የተጀመረችው፣ ከ2006 ጀምሮ የስታንሊ ነች። ስታንሊ፣ ፋኮም፣ ኢርዊን፣ ክራፍትስማን፣ ዲዋልት፣ የጣሊያኑ ኡዛግ፣ ባንድ ባለቤት እጅ የገቡ ስሞች ናቸው። ይሄ መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም፣ ግን በስም ብቻ ስትመርጥ የተለያዩ ናቸው ብለህ ምታወዳድራቸው ሁለት ብራንዶች ትርፋቸው አንድ ኪስ ሚገባ ሊሆን ይችላል።

የራሱን ፋብሪካ ይዞ የቀረም አለ። ክኒፔክስ ለምሳሌ፣ ከ1882 ጀምሮ ጀርመን ቩፐርታል ላይ አንድ ቤተሰብ ነው የያዘው፣ ፒንሳውን እዛው ነው ሚሰራው። ዋጋው ግን ለኛ አይቀመስም፣ ባለፈው አንድ ሰው ከጅቡቲ ይዞ የመጣውን ሲሸጥ ዋጋውን ሰምቼ እጄን ሰብስቤ ተመለስኩ።

አሁን ወደ ሱቁ ልመለስ፣ ምክንያቱም ለሱቁ ነው ዋናውን ነጥብ ምሰጠው። የተሰነጠቀውን ቡሶላ ይዤ ታይዋን ሄድኩ፣ የገዛሁበት ጋ። ባለሱቁ ሸምገል ያለ ሐጂ ነው፣ ሱቋ ጠባብ ነች፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ሞረድ፣ መጋዝ፣ ሴጌቶ፣ ሞርሳ፣ ቁልፍ ተደርድሮ ሰው ሁለት ከሆነ አንዱ ውጪ ነው ሚቆመው። እኔ ለጸብ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። ቡሶላውን ሳስቀምጥለት ጣቴን ነው መጀመሪያ ያየው፣ "አቦ ምን ሆነህ ነው?" አለኝ፣ ስነግረው ወንበሩን ሰጠኝ፣ ልጁን ሻይ አስመጣ፣ ከዛ ቡሶላውን ወደ መብራት አዙሮ ስንጥቁን አየው።

"ይሄ ከአዲሱ ካርቶን ነው" አለኝ።

"የምን አዲስ ካርቶን?"

"ከመስከረም ወዲህ ሚመጣው ካርቶኑ ሌላ ነው። ስሙ ያው ነው፣ ጽሁፉ ሌላ ነው። እኔም ለአስመጪው ደውዬ ጠይቄዋለሁ፣ ያው ነው አለኝ። ያው አይደለም። የመለሰልኝ ሰው አንተ ሦስተኛ ነህ።"

"ታዲያ ለምን ሸጥክልኝ?"

ትንሽ ዝም አለ። "ጥፋቴ ነው" አለኝ፣ "የድሮው አልቋል ብዬ ነው፣ መናገር ነበረብኝ።"

ብሬን ሙሉ መለሰልኝ፣ የቡሶላውን ብቻ ሳይሆን የሙሉ ስብስቡን፣ ሌላ እቃ ውሰድበት አላለኝም፣ ቆጥሮ እጄ ላይ ነው ያስቀመጠው። ይሄንን የጻፍኩት ለማሞገስ ብቻ አይደለም፣ ትልቅ መስታወት ያለው ሱቅ ውስጥ ደረሰኝ ይዤ ሄጄ "የተሸጠ እቃ አይመለስም" ሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ አሳይተውኝ የወጣሁበት ቀን አለ፣ ለዛ ነው። ብራንድ ስሙን ይዞ ፋብሪካ ሲቀይር ለኛ ሚቀርበው ዋስትና ሻጩ ብቻ ነው። ሳጥኑ ላይ "የዕድሜ ልክ ዋስትና" ሚለው ድሬዳዋ ላይ ማን ጋ ሄደህ ነው ምታስከብረው? ሚመለከተው ቢሮ የት ነው ያለው? የለም። ሐጂው ግን አለ።

ከዛን ቀን ጀምሮ እቃ ስገዛ ብራንድ ሳይሆን መጀመሪያ የትኛው ጭነት ነው ብዬ ነው ምጠይቀው፣ የድሮ ካርቶን ቀርቶ እንደሆነ ፈልግልኝ እለዋለሁ፣ ከላይ መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣ ሳጥን አንዳንዴ ከአዲሱ ይሻላል። እንደዛ ነው ከ10 እስከ 24 ቁጥር ያሉ ቁልፎችን፣ ከ13 ቁጥር በቀር፣ ከድሮው ምርት ሰብስቤ ያገኘሁት፣ ከሦስት ሱቅ፣ አንድ ሁለቱ ቀፊራ አካባቢ ካለ ሱቅ ነው። ስድስት ወር ሆናቸው፣ አንዱም አፉ አልተከፈተም፣ እንደድሮዎቹ ናቸው።

ቡሶላውን በተመለከተ ሐጂው ሌላ ነገር አሳየኝ፣ ርካሽ ሚባል ብራንድ፣ ሳጥኑ ላይ በታይዋን የተሰራ ይላል፣ ይሄ ደሞ እውነተኛዋ ታይዋን ነች፣ ሀገሯ። ታይዋን በእጅ መሳሪያ ስመ ጥር ነች፣ ታይቹንግ ሚባለው ከተማ ዙሪያ ብዙ ፋብሪካ አለ፣ የአውሮፓና የአሜሪካ ብራንዶች ሳይቀሩ ቡሶላና ራቼት (ቡሶላው ሚሰካበት፣ ወዲያ ወዲህ እያልክ ምታዞረው እጀታ) እዛ ነው ሚያሰሩት። ይሄ ብራንድ ድሮ ሌላ ቦታ ነበር ሚያሰራው፣ የድሮውን አንድ ጓደኛዬ ጋ አይቼዋለሁ፣ ራቼቱ ጥርሱ እየዘለለ ነበር ሚያስቸግረው። አዲሱ ሌላ ነገር ነው። 72 ጥርስ ነው፣ ማለት በትንሹ 5 ዲግሪ ካዞርከው ይነክሳል፣ ጀነሬተር ውስጥ እጅ ማይገባበት ቦታ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የቡሶላዎቹ ግድግዳ እኩል ነው፣ ቡሎኑ ላይ አይወዛወዝም፣ ልጆቼ ሁለት ጊዜ ቱቦ ጨምረውበት ይዣቸዋለሁ፣ ተቆጥቻለሁ፣ ግን አልተሰነጠቀም። ስለዚ ፋብሪካ መቀየር ሁሌ ወደታች አይደለም፣ ወደላይም አለ፣ ወደላይ የወጣውን ግን ማንም አያውቀውም፣ ስሙ ገና ርካሽ ነው ተብሎ ነው ሚጠራው። ለገዢ ይሄ እድል ነው። ከአስር ዘጠኝ እሰጠዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ሳጥኑ ነው፣ ፕላስቲኩ በሙቀቱ ተጣሞ አይዘጋም።

አንድ ነገር ግን፣ እነዚ ሚያብረቀርቁት ቡሶላዎች ክሮም ቫናዲየም ሚባል የብረት ቅይጥ ናቸው፣ ለእጅ ነው የተሰሩት። በአየር ወይ በባትሪ ሚመታ ማሽን ላይ አታድርጓቸው፣ ለዛ ጥቁሩ ወፍራሙ ክሮም ሞሊብዲኑሙ ነው ሚገዛው። ያ የተሰነጠቀው ቡሶላዬ በእጅ ብቻ መሰንጠቁ ብረቱ በእሳት ሲጋገር በአግባቡ ስላልተጋገረ ይመስለኛል፣ ብረት ከመጠን በላይ ከጠነከረ እንደ ሸክላ ነው ሚሰበረው፣ ከለሰለሰ ደሞ አፉ ይከፈታል፣ መሃሉን ማግኘት ነው የፋብሪካ ሙያ፣ ፋብሪካ ሲቀየር መጀመሪያ ሚጠፋውም እሱ ነው ምክንያቱም ከውጪ አይታይም።

ፒንሳው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይሄ የሕይወት ጉዳይ ነው። ለኤሌክትሪክ ስራ ሁለት ፒንሳ ገዛሁ፣ ሁለቱም ቀይና ቢጫ እጀታ፣ ሁለቱም ላይ 1000 ቮልት ይላል። አንዱ ላይ ሁለት ተደራራቢ ሦስት ማዕዘን ምልክት አለው፣ አይ ኢ ሲ 60900 ሚል ቁጥርም ተመቷል፣ ይሄ ኤሌክትሪክ ላይ ለሚሰራበት የእጅ መሳሪያ የወጣ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ነው፣ እያንዳንዱ እቃ በ10,000 ቮልት እንዲፈተን ያስገድዳል። ሌላው ላይ 1000 ቮልት ሚለው እጀታው ላይ በቀለም የታተመ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ያንን ሁለተኛውን ይዤው የመጣሁት እኔ ነኝ፣ የድሮው ምርት ምልክቱ ስለነበረው አዲሱም አለው ብዬ ሳላይ ነው የገዛሁት። በሦስተኛው ወር እጀታው ከብረቱ ተላቆ መሽከርከር ጀመረ፣ ናፍታ ሲነካው አበጠ። 380 ቮልት ላይ እጅህ ውስጥ ሚሽከረከር እጀታ ይዘህ አስቡት። ልጆቹ በስህተት እንዳያነሱት እጀታውን ገፍፌ ሽቦ መጠምዘዣ አደረግኩት። ለኤሌክትሪክ ሰራተኛ በሙሉ ልቤ ምለው ይሄ ነው፣ ምልክቱ ከሌለ በቀለም የተጻፈውን ቮልት አትመኑ፣ ብራንዱ ማንም ይሁን፣ ባለፈው ዓመት የገዛችሁት ምልክት ቢኖረውም የዘንድሮውን ገልብጣችሁ እዩ።

የፒንሳ አፉን ደሞ ሱቅ ውስጥ ገጥማችሁ ወደ ፀሐይ አቅኑት፣ መቁረጫው ላይ ብርሃን ካለፈ ሽቦ አይቆርጥም፣ ያኝከዋል። እጀታውን ከፍታችሁ ወደ ጎን ወዝውዙት፣ መገጣጠሚያው ከተጫወተ ተዉት። እኔ ትንሽ ሞረድ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው ምሄደው፣ ሐጂው ይፈቅድልኛል፣ መቁረጫው ዳር ላይ በስሱ ሳስኬደው ካንሸራተተ ብረቱ ጠንካራ ነው፣ ከነከሰው ለስላሳ ነው፣ አልገዛም። የከለከላችሁ ሱቅ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ከሁሉም ያልረካሁበት አጀስተብል ቁልፉ ነው፣ አፉን ምታሰፋው ምታጠበው። ታዋቂ ስም ነው፣ ውድ ነው፣ አፉ ሲጠብ ይንገዳገዳል፣ ቡሎን ጠርዝ ይበላል። የድሮውን ይዤ ብሄድ ኖሮ እዛው አወዳድሬ አልገዛም ነበር። መልሼዋለሁ፣ ሐጂው ግማሹን ነው የሰጠኝ ምክንያቱም ሁለት ወር ሰርቼበት ነበር፣ ትክክል ነው፣ አልከፋኝም። ካቻቪቴዎቹ ደህና ናቸው፣ ምለው ነገር የለኝም። ሴጌቶውም እንደዛው፣ ምላጩን ግን ለብቻው ጥሩውን ግዙ።

ዋጋን በተመለከተ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ ዶላሩ በብር ከእጥፍ በላይ ሆነ፣ መሳሪያ ደሞ ሁሉም ከውጪ ነው። አስመጪውን አልፈርድበትም፣ ድሮ ባመጣበት ብር ያንኑ ጥራት ማምጣት አይችልም፣ ወይ ዋጋ ይጨምራል ወይ ርካሹን ያመጣል፣ ርካሹን ካመጣ ግን በዛው ስምና በዛው ሳጥን አምጥቶ ያው ነው ማለቱ ነው ልቤን ሚያቃጥለው። ሌላ ስም ይስጠው፣ ርካሽ ነው ይበል፣ ርካሽ ሚፈልግ ሰው ይገዛዋል፣ ለቤት አንዴ ሁለቴ ለሚጠቀም ሰው ይበቃል እኮ። እኔ ግን ልጆቼን ገደል አፍ ላይ ያለ ፓምፕ ላይ ነው ምልካቸው፣ እጃቸው ውስጥ ያለው ብረት የት እንደተሰራ የማወቅ መብት አለኝ።

ለመምህሬ የተሰነጠቀውን ቡሶላ ወስጄ አሳይቼው ነበር። ብዙ ጊዜ አገላብጦ አየው፣ "እኔ ነኝ እኮ ግዛ ያልኩህ" አለኝ፣ ከፍቶት። ያንተ ጥፋት አይደለም፣ አንተ ያሳየኸኝ አሁንም ሳጥኔ ውስጥ አለ አልኩት። ያችን ፋኮም ቁልፉን ካጠገቡ አስቀምጦ ክብደታቸውን በሁለት እጁ እየመዘነ ትንሽ ቆየ።

ሱቁ ታይዋን ውስጥ ከስልክ ጠጋኞቹ ጀርባ ነው፣ ከሰዓት በኋላ አትሂዱ፣ ድሬ ነው፣ ከስድስት እስከ አስር ዝግ ነው፣ ጠዋት ወይ ማታ ይሻላል። ከድሮው ካርቶን 13 ቁጥር ቁልፍ ብቻ ነው ያላገኘሁት፣ ጽሁፉ ብረቱ ውስጥ የተመታው፣ ሐረርም ጅግጅጋም ያየ ሰው ካለ ይጻፍልኝ፣ መጥቼ እወስዳለሁ።